ዳያል ጌጅ ለእንጨት ማሽን፦ ሲገዛም ሲለካም የሚደጋገሙ ስህተቶች

ባለ ክብ ምላጩ የእንጨት መቁረጫ ማሽን፣ ሰርኩላሩ፣ የሜላሚኑን ጠርዝ ሲሸራርፍ ወይም ዋንዛውን ሲያጠቁር መጀመሪያ የሚወቀሰው ምላጩ ነው። ይነቀላል፣ ይሳላል፣ በአዲስ ይተካል። ማሽኑ ግን ያንኑ ማድረጉን ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ምላጩ ጠረጴዛው ላይ ከፊት ወደ ኋላ ከተቀረጸው ቦይ ጋር ትይዩ አለመሆኑ ነው። ይህን ዓይንም ስኳድራም በደንብ አያሳይም፤ ዳያል ጌጅ፣ ዘንጉ ሲገፋ ክብ ፊቱ ላይ ያለው ቀስት ምን ያህል እንደሄደ የሚያሳይ መለኪያ፣ ግን ያሳያል። ቶርኖ ቤቶች ያለ እሱ አይሠሩም። አሁን አናጢዎችም እየገዙት ነው፣ በዚህ ከልቤ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ጥሩ ሐሳብ ይዘው ወጥተው የማይሆን ዕቃ ገዝተው ሲመለሱ ማየት ነው።

ማይክሮን የሚያነብ መግዛት

ይህ ስህተት ሰልችቶኛል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

ሱቅ ስትገቡ ሁለት ዓይነት ይቀርብላችኋል። የአንዱ አንድ መስመር 0.01 ሚሊ ነው፣ የሌላው 0.001፣ ማለትም አንድ ማይክሮን። ሁለተኛው ውድ ነው። ገዢው «ለማሽን ነው፣ ጥሩውን ስጠኝ» ይላል። ሻጩም ውዱን ያወጣለታል። ለእንጨት ማሽን ግን ጥሩው ርካሹ ነው።

የ0.001 ጌጅ ቶርኖ ቤት ውስጥም ቢሆን ለተመረጠ ሥራ ብቻ የሚወጣ ዕቃ ነው። ሰርኩላር ላይ ስታስቀምጡት ጠረጴዛውን በክንዳችሁ ስትደገፉ ቀስቱ ይሄዳል። ምላጩን በጣት ስትነኩት ይሄዳል። ጎረቤት ያለው ማሽን ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ማይክሮን የሚያነቡ ጌጆች ጠቅላላ ጉዟቸው 1 ሚሊ አካባቢ ነው፤ ቀስቱ አንድ ዙር ሲዞር ዘንጉ የሄደው 0.2 ሚሊ ብቻ ነው። ምላጩ ግማሽ ሚሊ ከተዛባ ቀስቱ ሁለት ዙር ተኩል ይዞርባችኋል፣ ስንተኛው ዙር ላይ እንዳለ ለማወቅ ትቸገራላችሁ።

እንጨቱን ደግሞ አስቡት። 100 ሚሊ ስፋት ያለው ሳንቃ እርጥበቱ በ1 ፐርሰንት ሲለዋወጥ እንደ እንጨቱ ዓይነትና አሰነጣጠቅ ሩብ ሚሊ ያህል ሊያብጥ ወይም ሊኮማተር ይችላል። ሩብ ሚሊ 250 ማይክሮን ነው። በአንድ ማይክሮን የምናሳድደው ምንድን ነው ታዲያ?

አንድ የኩሽና ካቢኔት የሚሠራ ቤት የገጠመውን ላንሳ። ሜላሚን እየተሸራረፈ አስቸገራቸውና ባለ ማይክሮኑን ገዙ። ቀስቱ አንድ ቦታ አልቆም አላቸው። እነሱ ጠረጴዛው ነው ብለው ቡሎኖቹን እየፈቱ አጠበቁ፣ እንደገና ፈቱ። ስደርስ ደህና የነበረው ጠረጴዛ ተዛብቶ ነበር። በ0.01 ጌጅ ምላጩ የሚደገፍበትን ፍላንጅ ጠርዙ ላይ ለካነው። በእጅ ሲዞር ሦስት መስመር ወዲያና ወዲህ አለ፣ ማለትም 0.03 ሚሊ። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የፍላንጁ ጠርዝ ከመሃሉ 25 ሚሊ ይርቃል፣ የ300 ምላጭ ጥርስ ግን 150 ሚሊ ይርቃል። ስድስት እጥፍ ነው። ጥርሱ ላይ ሲደርስ 0.18 ሚሊ ይሆናል፣ ይህ ደግሞ ሜላሚን ለመሸራረፍ ከበቂ በላይ ነው። ፍላንጁን ስንፈታው ከኋላው የደረቀ ሙጫና ሰጋቱራ እንደ ቅርፊት ተጋግሮ ነበር። በነጭ ጋዝ ታጥቦ ሲገጠም ቀስቱ ጸጥ አለ። ያጠፋነው ጊዜ አብዛኛው ጠረጴዛውን ወደ ቦታው ለመመለስ ነበር።

ስለዚህ፦ 0.01 ሚሊ፣ ጉዞው 10 ሚሊ፣ ቀስቱ በአንድ ዙር 1 ሚሊ የሚሄድ። ይህ ለአናጢ በቂ ነው።

ኢንችን ከሚሊ ማደባለቅ

መርካቶ ውስጥ ያገለገሉ ጌጆች ስታገላብጡ የአሜሪካ ሥሪት ታገኛላችሁ። ፊቱ ላይ 0.001 ይላል። ይህ የኢንች ነው፣ አንዱ መስመር 0.025 ሚሊ ይሆናል። ዕቃው መጥፎ አይደለም፣ ለእንጨት ማሽንም ይበቃል። ችግሩ ሳይታወቅ ሲገዛ ነው። አራት መስመር አይቶ «አራት ማይክሮን ብቻ ነው» ያለ ሰው 0.1 ሚሊ የተዛባ ማሽን ይዞ ይሄዳል።

ሌላም አለ። የሚሊው ጌጅ አንገት፣ ዘንጉ የሚወጣበት ቧንቧ፣ 8 ሚሊ ውፍረት አለው፣ የኢንቹ ግን ዘጠኝ ሚሊ ተኩል ገደማ ነው። ለአንዱ የተሠራ መያዣ ሌላውን አያስገባም። መያዣውን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሞክሩት።

መቆሚያውን መርሳት

ጌጁ የሚነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጫፉ ከተያዘበት ቦታ አንጻር ምን ያህል እንደሄደ። የተያዘበት ነገር ከተወዛወዘ ቁጥሩ የመቆሚያው ነው እንጂ የማሽኑ አይደለም። ጥሩ ጌጅ በደካማ መቆሚያ ላይ ከምታስሩ መካከለኛ ጌጅ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ብታስሩ ይሻላል።

ሁሉም ሰው ባለ ማግኔቱን መቆሚያ ይገዛል። ለሚዞር ነገር ጥሩ ነው። ፍላንጅና ሻፍት ስትለኩ፣ ኩሽኔታው መላላቱን ስትፈትሹ አንድ ቦታ ነክሶ ይቆማል። በሳይት የሚዞሩት ትናንሽ ሰርኩላሮች ግን ጠረጴዛቸው አሉሚኒየም ነው፣ ማግኔት አይይዝም። ጠረጴዛው ብረት ቢሆንም ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ምላጩ ከቦዩ ጋር ትይዩ መሆኑን ለማወቅ ጌጁ በቦዩ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ መንሸራተት አለበት። አንድ ቦታ የነከሰ ማግኔት ይህን አይሠራም።

መፍትሔው እጃችሁ ላይ ነው፣ አናጢ ናችሁ። እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት በቦዩ ስፋት ልጉና 30 ሳንቲ ያህል ርዝመት ስጡት። በላዩ ላይ ወደ ምላጩ የሚወጣ አጭር ክንድ አስራችሁ ጌጁን በቡሎን ግጠሙ። ለዚህ ነው ስትገዙ ጀርባውን ማየት ያለባችሁ። ጀርባው ላይ የ6 ቡሎን የሚያስገባ ጆሮ ያለውን ምረጡ። ጀርባው ለስላሳ የሆነው በአንገቱ ብቻ ስለሚያዝ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይመችም።

ያ እንጨት ቦዩ ውስጥ ትንሽ ክፍተት ይኖረዋል፣ የማይቀር ነው። ስትለኩ ሁልጊዜ ወደ አንዱ ግድግዳ ተጭናችሁ ግፉት። ፊት ላይ ወደ ግራ፣ ኋላ ላይ ወደ ቀኝ ከተጫናችሁት የለካችሁት ክፍተቱን ነው። ከመጀመራችሁ በፊትም ቦዩን ጥረጉ። አንዲት የሰጋቱራ ቅንጣት ብቻ አምስትና ስድስት መስመር ታስኬዳለች።

ፊት በአንድ ጥርስ፣ ኋላ በሌላ ጥርስ መለካት

ጀማሪዎች እዚህ ላይ ቢሳሳቱ አልፈርድባቸውም፣ ነገሩ ግልጽ አይደለም። ፍጹም ቀጥ ያለ ምላጭ የለም። ፊት ላይ አንዱን ጥርስ፣ ኋላ ላይ እዚያ የተገኘውን ሌላ ጥርስ ከለካችሁ የምላጩ መወላገድና የጠረጴዛው መዛባት ይደባለቃሉ። አንድ ጥርስ በማርከር ምልክት አድርጉ፣ ወደ ጌጁ ወገን ያጋደለውን። ፊት ላይ ለኩት። ከዚያ ምላጩን በእጅ አዙራችሁ ያንኑ ጥርስ ኋላ ላይ ለኩት። ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ካነሰ ማሽኑ ለአብዛኛው ሥራ ደህና ነው። 0.05 ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው፣ ቁልፉን አስቀምጡና ሥራችሁን ቀጥሉ።

እንጨቱ ተደግፎ የሚገፋበትን ጋይድም በዚያው ፈትሹት። ትይዩ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ኋላው በትንሹ ቢከፈትም ችግር የለውም። ኋላው ወደ ምላጩ ከጠበበ ግን እንጨቱን ቆንጥጦ ወደ ሠራተኛው ይወረውራል። ይህ የጥራት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ዘንጉን አጋድሎ ማሰር

ዘንጉ ከሚለካው ፊት ጋር ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። 10 ዲግሪ ቢያጋድል የሚጨምረው 1.5 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ ለእኛ ምንም አይደለም። በ30 ዲግሪ ግን 15 ፐርሰንት አብዝቶ ያነባል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ በጎን እየተገፋ ዘንጉ መንከስ መጀመሩ ነው።

ዜሮን ገና ሲነካ መያዝ

ጫፉ ሲነካ ወዲያው ዜሮ ካደረጋችሁ ቀስቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። አንድ ዙር ያህል ግፉት፣ ከዚያ ፊቱን አዙራችሁ ዜሮ አድርጉ።

የመላጊያ ቢላን በድቡልቡል ጫፍ መለካት

ከጌጁ ጋር የሚመጣው ጫፍ ትንሽ ኳስ ነው። ለጠፍጣፋ ነገር ተስማሚ ነው። የቢላ ስለት ላይ ግን ይንሸራተታል፣ ስለቱን ሊያጎድፈውም ይችላል። ጠፍጣፋ ጫፍ አብራችሁ ግዙ፣ በእጅ ተፈትቶ ይቀየራል። ቢላዎቹ የታሰሩበትን ሲሊንደር ደግሞ ከሚቆርጥበት አቅጣጫ በተቃራኒ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፣ ስለቱ ጫፉን እንዳይነክሰው። ቀስቱ ከፍተኛው ላይ ደርሶ መመለስ ሲጀምር ያ የቢላው ልክ ነው። ቢላዎቹ እርስ በርሳቸው በ0.05 ሚሊ ውስጥ ከተቀራረቡ የተላገው ፊት ጥሩ ይወጣል።

ዘይት መቀባት

ዘንጉ ሲከብድ ዘይት ጠብ ማድረግ ያገኘነው ልማድ ነው። አታድርጉት። ዘይትና ሰጋቱራ ተገናኝተው እንደ ሙጫ ይሆናሉ፣ በወሩ ቀስቱ በግማሽ መንገድ መቆም ይጀምራል። በትንሽ አልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት፣ ይበቃዋል። ስትጨርሱ ወደ ሳጥኑ መልሱት።

ያገለገለ ስትገዙ ፊቱ ማማሩን አትዩ። ዘንጉን ጠንካራ ነገር ላይ አሳርፉ፣ ዜሮ አድርጉ፣ ከዚያ ደጋግማችሁ እያነሳችሁ ልቀቁት። ሁልጊዜ እዚያው መስመር ላይ መመለስ አለበት። በጣም ቀስ አድርጋችሁም አውርዱት፣ ቀስቱ ከተንጠለጠለ ወይም ከዘለለ ተዉት። እንደ ሚቱቶዮና ስታሬት ያሉ ስመ ጥር ዕቃዎች ሲያገለግሉም ይህን ያልፋሉ፣ ካላለፉ ስማቸው አያዋጣም።

ዲጂታሉስ? ለቋሚ ነገር ይሆናል። በእጅ የሚዞር ነገር ስትለኩ ግን ቀስት ሲወዛወዝ ማየት የሚሮጥ ቁጥር ከማንበብ በጣም ይቀላል።

መብራት ጠፍቶ ሳለ መለካት

መብራት ሲሄድ ማሽኑ ሥራ ይፈታል፣ ስለዚህ «እስኪመጣ እናስተካክለው» ይባላል። ማብሪያው እንደበራ ተረስቶ እጅ ምላጩ ላይ ሳለ መብራቱ ይመጣል። ማብሪያ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ሶኬት ካለው ሶኬቱን ንቀሉና በዓይናችሁ የምታዩት ቦታ ላይ አድርጉት። ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ብሬከሩን ጣሉ፣ እስክትጨርሱም ሌላ ሠራተኛ እንዳያነሳው አንድ ሰው አጠገቡ አቁሙ።