ብረትና ሃሲየምን ስታወዳድሩ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ፣ ደክሞኛል

በየአመቱ ድሬዳዋ ለማስተምራቸው ልጆች አንድ አሳይመንት እሰጣለሁ። አንድ የታወቀ ሜታልና አንድ ሰው ሰራሽ ኤለመንት መርጣችሁ ባህሪያቸውን አወዳድሩ የሚል። አብዛኛው ልጅ ከታወቀው ወገን ብረትን ይወስዳል፣ ከሌላው ወገን ደግሞ እኔ ክፍል ውስጥ ስሙን አንዴ የጠራሁትን ሃሲየምን፣ ምክንያቱም ፔሪዮዲክ ቴብሉ ላይ ከብረት በታች እዛው አምድ ውስጥ ስለሆነ ያቀለለኛል ብሎ ነው። ከዛ ወረቀቱ ይመጣል፣ እኔም በዚህ ሙቀት ማራገቢያ ስር ቁጭ ብዬ ያንኑ የአምናውን ስህተት ሳነብ እውላለሁ። ዘንድሮ በቃኝ አቦ፣ ጽፌ ልገላገል።

ትንሹን ላስቀድም። ሰው ሰራሽ ኤለመንት ማለት ፋብሪካ የሰራው ነገር ማለት አይደለም፣ አቶሙ ራሱ በሰው እጅ የተሰራ ኤለመንት ማለት ነው። አንዱ ብረትን ከፌሮ ጋር አወዳድሮ መጣ፣ አንዷ ደግሞ መዳብን ከናስ ጋር። ፌሮ ያው ብረት ነው ትንሽ ካርበን ገብቶበት፣ ናስ መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው ነው። ኤለመንት አይደሉም፣ አለቀ።

ከሱ የሚከተለው ግን ልቤን ነው የሚሰብረው። "ሃሲየም የሚሰራው ብረትና እርሳስ አቅልጦ በማደባለቅ ነው" የሚል። ብረትና እርሳስ የሚለውን ከየት እንዳመጡት አውቃለሁ፣ ትክክል ነው፣ ማቅለጡ ነው ከራሳቸው የጨመሩት። (እርሳስ ስል ደግሞ የምትጽፉበትን አይደለም። እሱ ውስጡ ግራፋይት ነው። አንድ ልጅ የእርሳስ ስእል ሰርቶበት መጥቶ ስለነበር ነው የምናገረው።) የሆነው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጀርመን፣ ዳርምስታት ላይ፣ የብረትን ኒውክለስ (የአቶሙን እምብርት) የብርሃን ፍጥነት አንድ አስረኛ ገደማ እስኪደርስ አጣድፈው እንደ ጥይት ስስ የእርሳስ ኢላማ ላይ ተኮሱት። ሙቀት አይደለም፣ ግጭት ነው። ብረት ፕሮቶኑ 26፣ እርሳስ 82፣ ደምሩት፣ 108፣ ይሄው ሃሲየም። ብረት 58 እና እርሳስ 208 (ቁጥሩ ፕሮቶንና ኒውትሮን ተደምሮ ነው) ስትደምሩ 266 ይመጣል፣ አንድ ኒውትሮን ሲወጣ 265 ይቀራል፣ የመጀመሪያው የተገኘው የሃሲየም አይሶቶፕም (አይሶቶፕ ማለት ያው ኤለመንት ሆኖ የኒውትሮን ቁጥሩ የሚለያይ ነው) እሱ ነው። ይሄን ሰሌዳ ላይ ስደምር ሁሌም ከኋላ ወንበር "ወላሂ?" የሚል አይጠፋም፣ እኔም በየአመቱ ደስ ይለኛል። እና እባካችሁ ብረትና ሃሲየምን ስታወዳድሩ አንዱ ለሌላው ጥሬ እቃ መሆኑን ሳትጽፉ አትለፉ፣ ሰው እንዴት ይሄን ትቶ ቀለሙን ይጽፋል?

አሁን ወደ ዋናው። እዚህ ጋ ድምጼ ከፍ ይላል፣ ይቅርታ።

የሃሲየምን መቅለጫ ነጥብ፣ ዴንሲቲ፣ ጥንካሬ፣ ቀለም፣ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን፣ ሁሉንም ከስልክ ላይ ገልብጣችሁ ከብረቱ ጎን ትደረድራላችሁ። ብረት 1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፣ ይሄ የተለካ ነው፣ ሳቢያን ያለ በያጅ ቤት ሄዳችሁ ብትቆሙ ቀልጦ ታዩታላችሁ። ዴንሲቲው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 7.87 ግራም ነው፣ ይሄንንም ቁራጭ ብረት፣ ሚዛንና ውሃ ካላችሁ ራሳችሁ ትለኩታላችሁ። ሃሲየም ግን በአይን የሚታይ ቁራጭ ኖሮት አያውቅም። የሚሰራው አንድ አንድ አቶም እየሆነ ነው። አንድ አቶም ደግሞ አይቀልጥም! መቅለጥ ማለት ተያይዘው የቆሙ ብዙ አቶሞች መያያዛቸው ሲላላ ነው፣ አንዱ ብቻውን ከማን ተላቆ ነው የሚቀልጠው? ቀፊራ ላይ አንዲት እናት ብቻዋን ዘንቢል ይዛ ብትቀመጥ ገበያው ሞቋል ትላላችሁ? ጥንካሬም እንደዛው፣ ማንጸባረቅም፣ በማግኔት መሳብም። ብረት ማግኔት የሚስበው ብዙ አቶም ሆኖ ሲሰለፍ ነው፣ 770 ዲግሪ ካለፈ እንኳ ሰልፉ ይፈርስና እንደ ድሮው መሳቡን ይተዋል።

ታዲያ ስልካችሁ ላይ ያለው ቁጥር ከየት መጣ? ስሌት ነው። የኮምፒውተር ግምት። ግምት መጻፍ ነውር የለውም፣ ግን "ግምት" ብላችሁ ጻፉ፣ ከተለካ ቁጥር ጋር በአንድ አምድ አታሰልፉት፣ ከዛም ቀንሳችሁ "ስለዚህ ሃሲየም ብረትን በዚህን ያህል ይበልጣል" አትበሉ።

ይሄን ስል ንጹህ ነኝ ማለቴ አይደለም። እኔ ራሴ ለአመታት የሃሲየም ዴንሲቲ 41 ነው እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ ማስታወሻዬ ውስጥ ስለነበረ ብቻ። አንድ ቀን አንዷ ተማሪዬ ስልኳን ይዛ መጣች፣ 28 ገደማ ይላል። ተከራከርኳት፣ በቁጣ ጭምር። ማታ ቤት ገብቼ ሳይ ለካ ሁለቱም ግምት ናቸው፣ 41ዱ የቆየው ስሌት፣ የሷ አዲሱ። በማግስቱ ክፍል ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሌላም አለብኝ። አንድ ልጅ የሃሲየምን መቅለጫ ነጥብ ሳጥን ባዶ ትቶት መጣ። ሰነፍ ብዬ ዜሮ ሰጠሁት። መጥቶ "ቲቸር፣ አንተ ሲቀልጥ አይተሃል እንዴ?" አለኝ (ድሬ ነው፣ እርስዎ የሚባል ነገር የለም)። ሙሉ ነጥብ ወሰደ።

"ታዲያ ምንም አይታወቅም ማለት ነው?" ብላችሁም አትዝለሉ፣ እሱም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በጣት የሚቆጠሩ የሃሲየም አቶሞችን ከኦክስጅን ጋር አገናኝተው ቀስ በቀስ እየቀዘቀዘ በሚሄድ ጠባብ መንገድ ነፏቸው። ሃሲየም ቴትሮክሳይድ ሆነው ወደ 44 ዲግሪ ከዜሮ በታች ላይ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ይሄ የተለካ ነው። ቴብሉ ላይ ከሃሲየም በላይ ካለው ጎረቤቱ፣ ከኦስሚየም ቴትሮክሳይድ ቀደም ብሎ ነው የሚለጠፈው፣ ማለትም እንደሱ በቀላሉ አይተንም። እንዲህ አይነቱን ጻፉልኝ።

እግረ መንገድ፣ "አንድ ግሩፕ (አንድ አምድ) ስለሆኑ ሃሲየምም ይዝጋል" የሚሉ አሉ። ግሩፕ 8 ውስጥ ናቸው፣ እውነት ነው፣ ግን ከብረት ጋር የምናውቀው የኦክሲዴሽን ቁጥር (ሲዋሃድ ስንት ኤሌክትሮን እንደሚሰጥ የሚቆጠርበት) ፕላስ 2 እና ፕላስ 3 ነው፣ ኦስሚየምና ሃሲየም ግን ከአራት ኦክስጅን ጋር ሆነው ፕላስ 8 ይደርሳሉ። የብረት ዝገት ቆርቆሮ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ የእነሱ ኦክሳይድ ተኖ ይሄዳል። ቤተሰብ ሁሉ አንድ አይነት ጸባይ አለው ያለው ማነው?

ቴብሉ ላይ የአቶም ክብደት ቦታ፣ ቅንፍ ውስጥ ያለችዋን ቁጥር ደግሞ አክብሯት። ብረት 55.845 የሚለው የአራት የተፈጥሮ አይሶቶፖቹ አማካይ ነው። ሃሲየም ላይ በቅንፍ 269 ወይ 270 ወይ 277 የሚለው አማካይ አይደለም፣ የአንድ የተመረጠ አይሶቶፕ ቁጥር ነው፣ ለዛ ነው ከቴብል ቴብል የሚለያየው። "ቴብሉ ተሳስቷል" ብላችሁ አትምጡ።

ሃፍ ላይፍ (ካለው ሬዲዮአክቲቭ ነገር ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ)፦ ሁለት ጊዜ ካለፈ ሙልጭ ብሎ አያልቅም፣ ከግማሹ ግማሽ ይቀራል። ቴክኒሺየም የሚባል ሌላ ሰው ሰራሽ ኤለመንት አለ፣ ሆስፒታል የሚጠቀሙበት አይነቱ ቴክኒሺየም 99 ኤም ሃፍ ላይፉ 6 ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የነበረው 8 ሰዓት ላይ ግማሽ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሩብ። በቃ።

"ሰው ሰራሽ ሁሉ በሰከንድ ይጠፋል"ም ውሸት ነው። ሃሲየም አዎ፣ ረጅም እድሜ አላቸው የሚባሉት አይሶቶፖቹ ራሳቸው በሰከንዶች የሚቆጠሩ ናቸው። ቴክኒሺየም 98 ግን ሃፍ ላይፉ 4 ሚሊዮን አመት ያልፋል። "ተፈጥሮ ውስጥ በጭራሽ የለም"ም እንደዛው። ቴክኒሺየም እ.ኤ.አ. በ1937 ፓሌርሞ ላይ ፔሪየርና ሴግሬ ሲያገኙት በሰው እጅ የተሰራ የመጀመሪያው ኤለመንት ነበር፣ በኋላ ግን ከኮንጎ በመጣ የዩራኒየም ማእድን ውስጥም ኢምንት ተገኘ።

ኬልቪንና ሴንቲግሬድ አትቀላቅሉ። የብረት መቅለጫ 1811 ኬልቪን እና 1538 ሴንቲግሬድ አንድ ነገር ናቸው።

እንደው የኔን ምክር ካላችሁ፣ ሃሲየምን ተዉትና ቴክኒሺየምን ውሰዱ። በኒውክሌር ማመንጫዎች ተረፈ ምርት ውስጥ በብዛት ስላለ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ ሜታል ነው፣ ስለዚህ መቅለጫ ነጥቡ 2157 ዲግሪ፣ ዴንሲቲው 11 ገደማ ስትሉ የምር ቁራጭ ከምር ቁራጭ ጋር እያወዳደራችሁ ነው። ከብረት ጋርም ወሬ አለው። ፐርቴክኔቴት የሚባለው የቴክኒሺየም ጨው ውሃ ውስጥ በጣም ትንሽ እንኳ ከገባ ስቲል እንዳይዝግ ይከላከላል። ሬዲዮአክቲቭ ስለሆነ ግን የቤታችሁ ቧንቧ ውስጥ ማንም አይጨምረውም።