የአሜሪካ ዕጩዎች በጦር መሣሪያ ጉዳይ ያላቸውን አቋም እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ዜግነት ወስጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ልሰጥ ስል ሁለት በራሪ ወረቀቶች በፖስታ ደረሱኝ። ሁለቱም ዕጩዎች ቤተሰቤን ከጥቃት እንደሚጠብቁልኝ ቃል ይገባሉ። አንደኛው ጠመንጃን ከገበያ በማስወጣት፣ ሌላኛው ጠመንጃዬን ማንም እንዳይነካብኝ በማድረግ ሊጠብቁኝ እንዳሰቡ የገባኝ ከምርጫው በኋላ ነው። ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሰው መንገዱን እንዲህ አሳየዋለሁ።

መጀመሪያ ጥያቄውን በትኑት። «የጦር መሣሪያ መብትን ይደግፋሉ?» ብትሉ ከሁለቱም ፓርቲዎች «አዎ» ትሰማላችሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የዋሽንግተን ከተማን የሽጉጥ ክልከላ ሲሽር፣ በሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ የሰፈረው መሣሪያ የመያዝ መብት የግለሰብ መብት እንደሆነ ወስኗልና። ጠቡ ዝርዝሩ ላይ ነው። ፈቃድ ያለው ነጋዴ የገዢውን የኋላ ታሪክ የማጣራት ግዴታ በፌዴራል ሕግ አለበት፤ አንድ ግለሰብ ለጎረቤቱ ሲሸጥ ግን የለበትም። ይህ ይለወጥ? እንደ ኤአር 15 ያሉ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ሽያጭ ይታገድ? ለራሱ ወይም ለሌላው አደገኛ ሆኗል የተባለ ሰው መሣሪያው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጊዜው ይወሰድበት? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዛችሁ ቀጥሉ።

ከዚያ የፓርቲዎቹን ማኒፌስቶ አንብቡ። የዴሞክራቶቹ የ2024 ሰነድ ሦስቱንም ይደግፋል። የሪፐብሊካኖቹ 16 ገጽ ብቻ ሲሆን መሣሪያ የመያዝ መብትን ከንግግርና ከሃይማኖት ነፃነት ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፋል። በ2016ቱ ግን ጉዳዩ የራሱ ክፍል ነበረው። ማሳጠራቸው አቋም የመለወጥ ምልክት ተደርጎ እንዳይታይ።

ዋናው ሥራ ያለው ዕጩዎቹ ቀድሞ በሕግ ላይ በሰጡት ድምፅ ላይ ነው፤ እዚህ ጊዜ አትቆጥቡ። በኮንግረስ ድረ ገጽ የሕጉን ስም ጽፋችሁ ማን እንደደገፈና ማን እንደተቃወመ በስም ማየት ትችላላችሁ። ቴክሳስ ውስጥ ካለው የዩቫልዴ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ በሰኔ 2022 የጸደቀውን ሕግ ውሰዱ። ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ገዢዎች የሚጣሩበትን መንገድ ያጠበቀው ይህ ሕግ በሴኔቱ 65 ለ33 ሲያልፍ 15 ሪፐብሊካኖች ደግፈውታል። ፓርክላንድ ውስጥ ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ በ2018 የፍሎሪዳን የጠመንጃ መግዣ ዕድሜ ወደ 21 ያሳደገውን ሕግ የፈረመው የያኔው የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ሪክ ስኮትም ሪፐብሊካን ነው። በሌላ በኩል ከዴሞክራቶች ጋር የሚሰለፈው የቨርሞንቱ በርኒ ሳንደርስ በ1993 የገዢን ታሪክ ማጣራት ግዴታ ያደረገውን ሕግ ተቃውሞ ነበር። የፓርቲውን ስም ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው እነዚህን ሁሉ ይስታል።

ማኅበራት ለዕጩዎች የሚሰጡት ውጤትም አለ። ለመሣሪያ መብት የሚሟገተው የብሔራዊ ጠመንጃ ማኅበር ከኤ (ደጋፊ) እስከ ኤፍ (ተቃዋሚ) ይሰጣል። ውጤቱ የተሰጠበትን ዓመት ሳታዩ አትመኑ፤ በ2024 የዴሞክራቶቹ የምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩ የነበረው ቲም ዋልዝ በአንድ ዘመን ኤ፣ በሌላው ኤፍ አግኝቷል።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ዕጩው የሚወዳደርበትን ወንበር ነው። ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ ለእንጀራ የሚሻገር ሰው ድልድዩ ላይ ሕግ ይቀየርበታል፤ ሜሪላንድ ሽጉጥ ለሚገዛ ሰው ሥልጠናና የጣት አሻራ ያለበት ፈቃድ ስትጠይቅ፣ ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ፈቃድ ሳትጠይቅ ኖራለች። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች በመናፈሻዎቻቸውና በሕንፃዎቻቸው መሣሪያ መያዝን መከልከል ይችላሉ። ስለዚህ ለአካባቢ ምክር ቤት የሚወዳደረውን ሰው ስለ ኤአር 15 ከማስጨነቅ ስለ ሰፈራችሁ መናፈሻ ጠይቁት።

በመጨረሻ በመራጮች ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና አንዱን ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ይህ ሕግ ነገ ቢቀርብ ድምፅዎ ምንድን ነው?» ዕጩው ከአያቱ ጋር አጋዘን ሲያድን ስለማደጉ መተረክ ከጀመረ፣ በትሕትና ጥያቄውን ድገሙለት።