ከዲሲ ወደ ሲያትል ቤት ቀይራችሁ በአርቪ ለምትሄዱ ባልና ሚስት

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይ አሌክሳንድሪያ ዓመታት ኖራችሁ አሁን ሲያትል ልትገቡ ነው እንበል። መንገዱ ወደ 2,800 ማይል ነው። በአርቪ፣ ማለትም ውስጡ አልጋ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ባለው መኪና፣ ከስምንት እስከ አስር ቀን ያዙለት። ባነሰ ቀን የሚጨርሱ አሉ፣ ግን ስትደርሱ እንቅልፍ አጥታችሁና ተኮራርፋችሁ ነው፤ አዲስ ኑሮ ደግሞ እንዲህ አይጀመርም።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፦ አርቪው የሚወስደው እናንተን ነው፣ እቃው በሌላ መንገድ ይሄዳል። ብዙ ሰው «ለጭነት ለብቻው ከምንከፍል ሁሉንም እዚሁ እንጫነው» ይላል። አደገኛ ሐሳብ ነው። መኪናው የሚችለው ክብደት በሩ አካባቢ ተለጥፏል፣ አንብቡት። አንድ ጋሎን ውሃ ብቻውን ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ 40 ጋሎን ስትሞሉ ከ330 ፓውንድ በላይ ሄደ ማለት ነው፣ እናንተ፣ ምግቡና ልብሱ ሳይጨመር። ከልክ በላይ የተጫነ አርቪ ሀይዌይ ላይ ጎማ ይፈነዳበታል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይግላል።

ስለዚህ ሶፋውንና አልጋውን ሽጡ ወይም ለሚያስፈልገው ስጡ። የቀረውን በኮንቴይነር ላኩት። መጽሐፍ በፖስታ ቤቱ ሚዲያ ሜይል ይሄዳል፤ ቀርፋፋ ነው ግን ርካሽ ነው። ከእናንተ የማይለየው ፓስፖርት፣ የጋብቻና የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ ወርቅ፣ መድኃኒት፣ ጀበናና ስኒ ነው። ጭናችሁ ስትጨርሱ ትራኮች የሚቆሙበት ነዳጅ ማደያ ሄዳችሁ ተመዘኑ፣ ጥቂት ዶላር ነው። መቼም ትራክ የሚነዳ ወዳጅ አታጡም። ስለ ሚዛኑም ስለ መንገዱም እሱን ጠይቁት፣ ከማንም በላይ ያውቃል።

አርቪውን ስትከራዩ የቀን ዋጋውን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። የማይል ክፍያ አለ፣ የጄኔሬተር ሰዓት አለ፣ ሌላ ከተማ ስለምትመልሱት ደግሞ ተጨማሪ ይጠየቃል። ጠቅላላውን በጽሑፍ አስልኩ። ለሁለት ሰው ክላስ ሲ የሚባለው መካከለኛ የአርቪ ዓይነት፣ 25 ጫማ ገደማ ያለው፣ ይበቃል፤ በተለመደው መንጃ ፈቃድ ይነዳል። በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ወደ 300 ጋሎን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ነዳጅ ትገዛላችሁ።

ሁለታችሁም ውሉ ላይ በሹፌርነት ተመዝገቡ። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። ባል መሪውን ይዞ ሚስት ስልክ እያየች «ቀኝ፣ ግራ» ስትል አህጉር አይቋረጥም። አንዱ ሲደክመው ሌላው መያዝ አለበት፣ ያልተመዘገበ ሰው ሲነዳ አደጋ ከደረሰ ደግሞ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት በሥራ ቀን ባዶ የቤተክርስቲያን ፓርኪንግ ፈልጋችሁ ሁለታችሁም ተለማመዱ፣ በተለይ ወደኋላ መሄድን። አንዱ ሲነዳ ሌላው ወርዶ ከኋላ በኩል፣ በመስታወት በሚታይበት ቦታ ይቁም። የእጅ ምልክት ቀድማችሁ ተስማሙ፣ በተለይ «ቁም» የሚለውን። የመኪናውን ቁመት በትልቁ ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። 12 ጫማ ገደማ ነው፣ ዝቅ ያለ ድልድይና ከመኪና ሳይወረድ ምግብ የሚገዛበት መተላለፊያ (ድራይቭ-ትሩ) አያሳልፈውም።

መንገዱ በፔንሲልቬኒያና በኦሃዮ አድርጎ ቺካጎን ያልፍና አይ 90 የሚባለውን ሀይዌይ ይይዛል። ዊስኮንሲን ውስጥ ቶማ የምትባል ከተማ አጠገብ ምርጫ ይመጣል። አይ 94 ወደ ሚኒያፖሊስ ይወስዳል፤ እዚያ ሐበሻ ብዙ ነው፣ ትኩስ እንጀራም ዘመድም ይገኛል። አይ 90 በደቡብ ሚኔሶታ አድርጎ ሳውዝ ዳኮታ ይገባል። ሁለቱ ሞንታና ውስጥ ቢሊንግስ ላይ ይገናኛሉ። እኔ 90ን እመርጣለሁ፦ ባድላንድስ ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ዳር ነው ማለት ይቻላል፣ ማውንት ረሽሞርም ሩቅ አይደለም። ራፒድ ሲቲ አካባቢ አንድ ሙሉ ቀን ቁሙ፣ ምንም አትንዱ። በቀን 350 ማይል ይበቃል።

ዳኮታና ዋዮሚንግ ሜዳው ላይ ነፋሱ ኃይለኛ ነው፣ አርቪ ደግሞ ጎኑ ሰፊ ስለሆነ ይገፋዋል። ፍጥነት ቀንሱ፣ ከበረታ ቆማችሁ ጠብቁ። የፍጥነት ገደቡ 80 ቢልም እናንተን አይመለከትም፣ 60 እና 65 መካከል ሂዱ። ከቢሊንግስ በኋላ ተራራው ይጀምራል። ሆምስቴክ ፓስ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ከ6,300 ጫማ በላይ ነው፣ ሲያትል ልትገቡ ስትሉ ደግሞ ስኖኳልሚ ፓስ አለ። ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጣችሁ አትውረዱ፣ ማርሽ ቀንሱ። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 1 ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሆነ መኪና የበረዶ ሰንሰለት መያዝ ግዴታው ነው፣ አብዛኛው ክላስ ሲ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ከቻላችሁ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሂዱ።

ምግብ። ትኩስ እንጀራ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይሻግታል፣ ግማሹን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፣ ድርቆሽም ያዙ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ በሶ፣ ቋንጣ ካለ ሳውዝ ዳኮታ ካለችው ሱ ፎልስ ከተማ ወዲያ ሐበሻ ምግብ ቤት ባታገኙም አትቸገሩም። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ፈጭታችሁ ውጡ፣ ውስጥ ከተቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ እሱን ደግሞ በፍጹም አትንቀሉ። ዕጣን ካማራችሁ ከሰሉን ውጭ አንድዱ። አርቪ ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ይገድላል።

ፍሳሹ ላይ ሁለት ታንክ አለ፣ አንዱ የሽንት ቤት፣ ሌላው የእቃ ማጠቢያና የሻወር። ጓንት አድርጉ። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን አራግፉ፣ ቀጥሎ የሳሙናውን ውሃ፣ እሱ ቱቦውን ያጥብላችኋል። የሽንት ቤቱን ቫልቭ ግን ታንኩ እስኪሞላ ድረስ ዝጉት፣ ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ሄዶ ጠጣሩ ታንኩ ውስጥ ይደርቅበታል።

ማታ ሳይመሽ ግቡ። ዓርብና ቅዳሜ ካምፕግራውንድ ቀድማችሁ ያዙ። ዋልማርት ማደር እንደ ቅርንጫፉ ነው፣ ገብታችሁ ማናጀሩን ጠይቁ።

ሲያትል ስትደርሱ ወረቀቱን አታዘግዩ። መንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ በ30 ቀን ውስጥ ይቀየራል። የሜሪላንድ ታርጋ ካላችሁ ኢንሹራንሱን ከማቋረጣችሁ በፊት ታርጋውን መልሱ። ዜጋ ካልሆናችሁ፣ ግሪን ካርድም ቢሆን፣ አዲሱን አድራሻ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ በሕግ ግዴታ ነው። ለፖስታ ቤት መንገራችሁ አይበቃም። ቅጹ ኤአር-11 ይባላል፣ ኢንተርኔት ላይ ይሞላል፣ ክፍያ የለውም፤ ጉዳያችሁ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ያለ ከሆነ ደግሞ ለፍርድ ቤቱም ለብቻው አሳውቁ።