የድሮ ሞተር ሳይክል ኦሪጅናል ዕቃ ስንለይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ፒስተን ስትጠይቁ ሻጩ መጀመሪያ የሚላችሁ «ኦሪጅናል ነው የምትፈልገው ኮፒ?» ነው። ማን ኮፒ ስጠኝ ይላል? እኔም አላልኩም። የአባቴን ዲቲ-1 ያማሃ ላስነሳ ቆርጬ ስለነበር ኦሪጅናል የተባለውን ይዤ ወጣሁ። ዋጋው እንኳ ኦሪጅናል ነበር። በሦስተኛው ቀን በቸርችል ጎዳና ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ሞተሯ ቀጥ አለች። እየገፋሁ ነው የተመለስኩት። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ካርቶኑን ማመን

የኔ የመጀመሪያ ስህተት ይህ ነበር። ካርቶን ማተም ፒስተን ከመሥራት በጣም ይቀላል። የያማሃ ምልክት ያለበት ሳጥን የሚነግራችሁ ስለ ሳጥኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃውን አውጡትና እዩት። በፒስተኑ ራስ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥርት ብሎ ተቀርጿል ወይስ ደብዝዟል? የፋሻዎቹ (ፒስተኑን የሚከቡት የብረት ቀለበቶች) ቦይ ጠርዝ ንጹሕ ነው ወይስ ሻካራ? እንደ ዲቲ-1 ባለ ሁለት ምት (ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያቃጥል) ሞተር ላይ ፋሻው እንዳይዞር የምትይዘው ትንሽ ፒን በየቦዩ ውስጥ አለች ወይ? ርካሽ ቅይጥ ሲሞቅ ከሚገባው በላይ ያብጣል። ሱቅ ውስጥ ይህ አይታይም። የቸርችል ዳገት ላይ ግን ይታያል።

«ያማሃ የሚል የለበትም፣ ፎርጅድ ነው» ማለት

ይህ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። ፋብሪካው ሁሉን ነገር ራሱ አይሠራም። የነዚያ ዘመን ያማሃዎችና ሱዙኪዎች ካርቡሬተር በአብዛኛው ሚኩኒ ነው፤ የሆንዳዎቹ ኬሂን። ኩሽኔታዎቹ ላይ ኮዮ ወይም ኤንቲኤን የሚል ብታነቡ አትደንግጡ፣ ከፋብሪካው ሲወጡም እንደዚያው ነበሩ። እንዲያውም ካርቡሬተር ላይ ያማሃ የሚል በትልቁ ተጽፎ ካያችሁ ነው መጠርጠር ያለባችሁ። የሚኩኒን ትንሿን የነሐስ ጄት (ነዳጁ በልኩ የሚያልፍባትን) በማጉያ መነጽር ብታዩአት ካሬ ውስጥ ካሬ ያለባት ምልክት አለች። አስመሳዮቹ ብዙ ጊዜ እዚያ ድረስ አይደክሙም።

ቁጥሩን እንደ ስልክ ቁጥር ማንበብ

ብዙ ሰው የዕቃ ቁጥርን ከፊቱ ካለው ጋር አንድ በአንድ ያስተያይና አንዷ ከተለየች ይጥለዋል። ቁጥሩ ግን ቋንቋ ነው። የያማሃን ውሰዱ፦ 214-11631-00። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዕቃው መጀመሪያ የተነደፈለት ሞተር ናቸው፤ 214 ዲቲ-1 ነው። መካከለኞቹ አምስቱ ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ። 11631 መደበኛ ፒስተን፣ 11635 በ0.25 ሚሊሜትር የሰፋ፣ 11636 ደግሞ በ0.50 የሰፋ ነው። ሲሊንደር 11311፣ ካርቡሬተር 14101። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የማሻሻያ ተራ ናቸው። 00 የነበረው 01 ቢሆን ፋብሪካው አሻሽሎታል ማለት እንጂ ተጭበርብሯል ማለት አይደለም።

«መጀመሪያ የተነደፈለት» ያልኩት በምክንያት ነው። ፋብሪካው ለአንድ ሞዴል የሠራውን ዕቃ ለሚቀጥለው ሞዴል ሲጠቀምበት የድሮውን ቁጥር ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ የሌላ ሞተር ኮድ ያለበት ዕቃ የናንተ ትክክለኛ ዕቃ ሊሆን ይችላል። እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ጥሩ ዕቃ መልሼ አውቃለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሆንዳ ያላችሁ ደግሞ አቆጣጠሩ ይለያል፦ አምስት፣ ሦስት፣ ሦስት። የሞዴሉ ኮድ መሀል ላይ ነው።

ኦሪጅናል ከሆነ ይገጥማል ብሎ ማሰብ

ለኔ ከባዱ ስህተት ይህ ነው፤ ሐቀኛ ነጋዴም ሳያውቅ ይሳሳትበታል። ዲቲ-1 በፈረንጆቹ 1968 ሲወጣ ሲሊንደሩ 70 ሚሊሜትር ስፋት፣ ፒስተኑ የሚሄደው ርቀት 64 ሚሊሜትር ነበር፤ 246 ሲሲ ይሆናል። በዚያ ሞተር የነዳጁን መግቢያ የሚከፍተውም የሚዘጋውም የፒስተኑ ቀሚስ (የታችኛው ጎኑ) ራሱ ነው። በ1972 ያማሃ ሪድ ቫልቭ አመጣ። እንደ ቅጠል የሚከፈትና የሚዘጋ ስስ ምላስ መግቢያው ላይ ተቀመጠ፣ ፒስተኑም በመግቢያው በኩል መስኮት ተበሳለት። ስፋቱ ግን ያው 70 ቀረ።

እንግዲህ አስቡት። ሁለቱም ኦሪጅናል ናቸው፣ ሁለቱም 70 ናቸው። መስኮት ያለው ፒስተን በአሮጌው ሲሊንደር ሰተት ብሎ ይገባል። ግን መግቢያው በሚዘጋበት ሰዓት መስኮቱ ክፍት ይሆንና ሞተሩ የሳበውን መልሶ ይተፋል። ከዚያ ካርቡሬተር ስትጎረጉሩ፣ ካንዴላ ስትቀያይሩ ትከርማላችሁ። መፍትሔው አሮጌውን ፒስተን በኪስ ይዞ መሄድ ነው። ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ፒን ከሚገባበት ቀዳዳ እስከ ፒስተኑ ራስ ያለውን ቁመት በካሊፐር ለኩ፣ ቀሚሱን ጎን ለጎን አስተያዩ። ሻጩ ቢስቅባችሁም ይሳቅ።

ሞተሩን ከሊብሬው ጋር አለማስተያየት

ሙሉ ሞተር ስትገዙ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። በዲቲ-1 የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ነበር። ቁጥሩ የተመታበት ቦታ በመፍጫ የተላገ ከመሰለ፣ ወይም ፊደሎቹ አንዱ ወጣ አንዱ ገባ ካለ፣ ዋጋ መከራከሩን ተዉት። ለቦሎ ስትሄዱ ጣጣው ይከተላችኋል።

ከማንበብ በፊት ማጠብና መቀባት

በሽቦ ብሩሽና በአሸዋ የተፋቀ ሞተር ያምራል። ግን ጥቃቅኖቹ ምልክቶች አብረው ይሄዳሉ። መጀመሪያ በነዳጅና በጨርቅ ብቻ ጥረጉ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ።

ያረጀውን ኦሪጅናል መጣል

የተቧጨረ ሲሊንደር ሞቷል ማለት አይደለም። የዲቲ-1 ሲሊንደር ውስጡ የብረት ካሚቻ (የውስጥ ሽፋን) ስላለው ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አንድ ደረጃ ማስፋት ትችላላችሁ፤ 11635 እና 11636 የተሠሩት ለዚሁ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ሲሊንደሬን ከከሰል ማንደጃ ስባሪ ጋር ለቁራሌው ከሰጠሁ በኋላ ነው። ለሁለቱም አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ነበር የሰጠኝ። አሁንም ጠዋት ጠዋት «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ስሰማ ወጥቼ ማዳበሪያው ውስጥ አጮልቃለሁ።