ከአልማዝ ጥቃቅን ሬዞናተር እንዴት ይሠራል?

ሬዞናተር ማለት ሲነካ በራሱ ፍጥነት የሚነዝር አካል ነው። ርዝመቱ 100፣ ውፍረቱ ግማሽ ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) የሆነ፣ በአንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ የአልማዝ ምላስ በሰከንድ ወደ 140 ሺህ ጊዜ ይነዝራል። በደንብ ከተሠራ ኪው የሚባለው የንዝረት ጥራት ቁጥሩ 1 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ያኔ ንዝረቱ ወደ ሲሶው ገደማ እስኪወርድ ከ2 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ይህን ያህል በቀጠነ አልማዝ ላይ ጥራቱን የሚወስነው በአብዛኛው የገጹ ሁኔታ ነው።

ከጋዝ የበቀለ፣ ባለአንድ ክሪስታል፣ ሁለቱም ገጹ የተወለወለ ጠፍጣፋ አልማዝ ያዘጋጁ፤ ውፍረቱ ከ20 እስከ 40 ማይክሮሜትር ይበቃል። ባለብዙ ቅንጣቱ ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጉልበቱ በቅንጣቶቹ ድንበር ላይ ስለሚባክን ለዚህ ሥራ አልመርጠውም።

አስቸጋሪው ማቅጠኑ ነው። ውልወላ ከገጹ ሥር ጥቂት ማይክሮሜትር የሚዘልቅ ስንጥቅና ጉዳት ይተዋል። ስለዚህ ከታች የሚውለውን ገጽ ገና ሳይለጠፍ በአርጎንና ክሎሪን ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ኤሌክትሮንና አዮን የተለየ ጋዝ) ጥቂት ማይክሮሜትር ያስበሉት፤ ከተለጠፈ በኋላ የሚደርስበት የለም። ከዚያ በትኩስ አሲድ አጥበው፣ ኦክሳይድ በለበሰ ሲሊከን ላይ ይለጥፉትና ከላይ በኩል ያቅጥኑት። በኦክስጅን ብቻ ማቅጠን ይፈጥናል፤ ግን የውልወላውን ጭረቶች እየቦረቦረ ጉድጓድ ያደርጋቸዋል። ክሎሪኑ ገጹን ያለሰልሳል፤ የሚተወውን ቅሪት በመጨረሻ አጭር የኦክስጅን ዙር ያስወግዱ።

ሌላው ችግር ጠፍጣፋው አንድ ወገኑ ወፍሮ መምጣቱ ነው። አንዱ ጫፍ ተበልቶ ሲያልቅ ሌላው ገና ብዙ ይቀረዋል። በ633 ናኖሜትር ብርሃን ሲያዩት ጥቁርና ደማቅ መስመሮች ይታያሉ፤ ከአንዱ ጥቁር መስመር እስከ ቀጣዩ የውፍረት ልዩነቱ 131 ናኖሜትር ገደማ ነው። ምላሶቹን በመስመሩ አቅጣጫ ከደረደሯቸው እኩል ውፍረት ይኖራቸዋል።

የምላሶቹ ቅርጽ በኤሌክትሮን ጨረር በሚጻፍ ሬዚስት (የሚቆረጠውን ብቻ ገልጦ ሌላውን የሚሸፍን ቅብ) ይሣላል። አልማዝ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ጨረሩ እንዳይዛባ በቅድሚያ ስስ ቲታኒየም ይቀባል። ከዚያ በኦክስጅን ፕላዝማ ይቆረጣል። የተበላው ቦታ ከጠቆረ፣ የረገፉ ቅንጣቶች ጭምብል ሆነው እንደ ሣር የቆሙ መርፌዎች አብቅለዋል ማለት ነው። ቅንጣቶቹ ከሲሊከን ከሆኑ ትንሽ ፍሎሪን ያለው ጋዝ ያጸዳቸዋል፤ ሲበዛ ግን ሬዚስቱንም ይበላል። ከአሉሚኒየም ማስቀመጫ የረገፉትን ፍሎሪን ስለማይነካቸው ማስቀመጫውን ይቀይሩ።

ሲሊከኑ ከኋላ በኩል ተበልቶ ሲያልቅ ኦክሳይዱ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይወገዳል። ይህ አሲድ በቆዳ ዘልቆ አጥንት ድረስ ይጎዳል፤ የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት አጠገብዎ ሳይኖር አይጀምሩ። ውኃው ሲደርቅ ምላሶቹን እንዳያጣብቅ በክሪቲካል ፖይንት ማድረቂያ (ፈሳሹን ያለ ገጽ ውጥረት ወደ ጋዝ የሚለውጥ መሣሪያ) ያድርቁ። በመጨረሻ በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኦክስጅን ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ማቆየት የገጹን ግራፋይት ያነሣል። እዚያው ኦክስጅን ውስጥ ሙቀቱ ከ600 ሲያልፍ ግን አልማዙ ራሱ መቃጠል ይጀምራል።

ለመለካት ቫኪዩሙ ከ0.00001 ሚሊባር በታች ይሁን፤ አየር ንዝረቱን ያፍናል። ምላሱን በፒዬዞ (ኤሌክትሪክ ሲሰጠው በሚንቀጠቀጥ ቁራጭ) አንቀጥቅጠው ፒዬዞውን ያጥፉትና የንዝረቱን መውረድ በሌዘር ኢንተርፌሮሜትር (በብርሃን ሞገዶች መደራረብ ጥቃቅን እንቅስቃሴን በሚለካ መሣሪያ) ይከታተሉ፤ ኪው ማለት ፓይ ሲባዛ በፍሪኩዌንሲው፣ ሲባዛ ንዝረቱ ወደ ሲሶው ገደማ በሚወርድበት ጊዜ ነው። ፍሪኩዌንሲ እየቀያየሩ መለካቱን አልመክርም፤ ኪው 1 ሚሊዮን ሲሆን ምላሱ አጉልቶ የሚነዝርበት የፍሪኩዌንሲ ስፋት 0.14 ኸርዝ ብቻ ስለሆነ ትንሽ የሙቀት ለውጥ ይሸፍነዋል። የሌዘሩን ኃይል በግማሽ ቀንሰው ይድገሙት። ውጤቱ ከተለወጠ ብርሃኑ ራሱ ምላሱን እየገፋው ነው፤ ለውጡ እስኪጠፋ ኃይሉን ይቀንሱ።