እርጥብ የድንጋይ ከሰልን አድርቆ ለምድጃ ማብቃት

ከያዮ፣ ከደልቢና ከዳውሮ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል በአብዛኛው ሊግናይት (ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ቡናማ ከሰል) ወይም ከእርሱ ትንሽ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው በመሆኑ ብዙ ውሃ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለው ከሰል ሳይደርቅ ምድጃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ኪሎ ውሃ ለመትነን ብቻ ወደ 2.5 ሜጋጁል የሚጠጋ ሙቀት ይበላል፤ ይህ ደግሞ ኖራውን ወይም ክሊንከሩን (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን በምድጃ የበሰለ አንኳር) ሊያበስል የሚገባው ሙቀት ነው።

መለካት ይቅደም። ከክምሩ ከተለያየ ቦታና ጥልቀት የተወሰደ ናሙና እስኪመዘን ድረስ በታሸገ ዕቃ ይቀመጣል፤ ከዚያም ከ105 እስከ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሞቅ የላቦራቶሪ ማድረቂያ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይቆያል። የጎደለው ክብደት ለመጀመሪያው ክብደት ሲካፈል እርጥበቱ ይታወቃል። እዚህ ላይ ስሌቱ ብዙዎችን ያሳስታል፦ 30 በመቶ እርጥበት ያለውን 1,000 ኪሎ ከሰል ወደ 15 በመቶ ለማውረድ መውጣት ያለበት ውሃ 150 ኪሎ ሳይሆን ወደ 176 ኪሎ ነው፤ ደረቁ ክፍል 700 ኪሎ ስለሆነ የደረቀው ከሰል የሚመዝነው 824 ኪሎ ያህል ነውና።

የታጠበ ከሰል አስቀድሞ በደንብ ይጠንፈፍ። ከዚያ ጣሪያ ባለውና ተዳፋት በሆነ የሲሚንቶ ወለል ላይ በስሱ ተሰጥቶ በየቀኑ ይገላበጣል። አንድ አንኳር አንስቶ መስበር ጥሩ መፈተሻ ነው፤ ላዩ ገርጥቶ ውስጡ ግን ጠቁሮ እጅን የሚያቀዘቅዝ ከሆነ የደረቀው ቆዳው ብቻ ነው።

በአንኳሩ ውስጥ የተያዘው ውሃ በነፋስ ብቻ አይወጣም፤ ሙቀት ይፈልጋል። ከሰል ለማድረቅ ሌላ ከሰል ማንደድ ትርፉን ስለሚበላው፣ ከምድጃው የሚወጣውን ትኩስ ጋዝ ወደሚሽከረከር ማድረቂያ በርሜል መምራት ይመረጣል። እርጥቡ ከሰልና ትኩሱ ጋዝ በአንድ ጫፍ ገብተው አብረው ይጓዙ፤ ያን ጊዜ ከፍተኛውን ሙቀት የሚያገኘው በጣም እርጥቡ ከሰል ሲሆን፣ የደረቀው ደግሞ በቀዘቀዘው ጋዝ ውስጥ ያልፋል። ጋዙ ኦክስጅን የበዛበት ከሆነ ደቃቁ አቧራ ሊፈነዳ ስለሚችል ይህን ችላ ማለት የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ከማድረቂያው የወጣ ከሰል ሳይበርድ አይከመር። ሊግናይት በራሱ ሞቆ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ክምሩ ዝቅ ያለና የተጠቀጠቀ ይሁን፣ ሙቀቱም ወደ ውስጥ በሚገባ ቴርሞሜትር ይለካ፤ እየጨመረ የሚሄድበት ቦታ ከተገኘ ያ ክፍል ተዝቆ ከክምሩ ይራቅ። ከዚህም ሌላ የደረቀው ሊግናይት ከአየር እርጥበት መልሶ ይጠጣል፤ በተለይ በክረምት ለጥቂት ቀናት ፍጆታ የሚበቃውን ያህል ብቻ ማድረቅ ይሻላል። አመዱን ግን ማድረቅ አይቀንሰውም፤ እርሱ የማጠቢያው ሥራ ነው።