ግራፉ ሌላ፣ ጆሮ ሌላ ሲሉ፦ የትንሽ ስቱዲዮ ችግርና መፍትሄ

አዲስ አበባ ውስጥ ለስቱዲዮ የሚከራዩት ክፍሎች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ፤ የብሎኬት ግድግዳ፣ የሴራሚክ ወለል፣ ሦስት በአራት ሜትር። የሚያስቸግሩትም በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ጆሮ የሚሰማውና የክፍሉ ድምፅ በማይክ ተለክቶ የሚወጣው ግራፍ አይስማሙም።

ስፖንጅ ተለጥፎ ጭብጨባው አያስተጋባም፣ ቤዙ ግን ያጉረመርማል
ምክንያቱ፦ 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ በደንብ የሚውጠው ከ500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) በላይ ያለውን ነው። የእንቁላል ካርቶንማ ያንንም በወጉ አይችልም። 4 ሜትር የሚረዝም ክፍል በ43 ኸርዝ አካባቢ ያስተጋባል፤ የድምፅን ፍጥነት፣ በሰከንድ 343 ሜትርን፣ ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ለ8 አካፍሉት። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛዋ ኤፍ እዚያው ላይ ናት። ገመዱን በመዳፍ ይዛችሁት እንኳ ክፍሉ ማጉረምረሙን ይቀጥላል።
መፍትሄ፦ በሩም ኢኪው ዊዛርድ (ክፍልን በስፒከርና በማይክ የሚለካ ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም) የዎተርፎል ግራፉን፣ ማለትም ድምፆች በስንት ጊዜ እንደሚጠፉ የሚያሳየውን፣ ክፈቱና የትኛው ድምፅ እንደሚዘገይ እዩ። ማዕዘኖቹን ከወለል እስከ ጣሪያ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ሮክ ዉል (ከድንጋይ የተሠራ ጥጥ መሰል ነገር) ሙሉ፤ ፍሬሙ ከሞራሌ፣ ልባሱ ከአቡጀዲ ይሁን። ስትቆርጡ ማስክና ጓንት አይረሳ። 43 ኸርዝን ግን ይህም አይጨርሰውም፤ ስለዚህ ወንበሩን አንቀሳቅሱ። መሃል ላይ ቤዙ ይጠፋል፣ የኋላው ግድግዳ ጋ ያብጣል። ከፊት ግድግዳ 1.5 ሜትር ላይ ጀምሩና በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር ሞክሩ።

ጆሮ ለውጥ ይሰማል፣ ግራፉ አልተነካም
ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የግራፉ አሳሳል ነው። መስመሩ ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ከጎን ግድግዳ ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ አይታይም። የኢምፐልስ ግራፉን፣ ማለትም ድምፁ ማይኩ ጋ መቼ መቼ እንደደረሰ የሚያሳየውን፣ የመጀመሪያ 20 ሚሊሰከንድ ተመልከቱ፤ ከቀጥታው ድምፅ 3 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ሹል ነገር ካለ 1 ሜትር ያህል ተጨማሪ መንገድ ተጉዞ የመጣ ድምፅ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ጓደኛ መስታወት በግድግዳው ላይ ያንሸራት፣ ስፒከሩ የታየበት ቦታ ፓነል (በፍሬም ውስጥ ያለ ሮክ ዉል) ይሰቀል።

ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለት ግራፍ ወጣ
ማይኩ ተንቀሳቅሷል። በ5,000 ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሁለት ጣት መንሸራተት ይበቃል። ከጣሪያው ቱንቢ አውርዱ፣ ወለሉን በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ የሚኒባስ ጥሩምባ በሌለበት ሰዓት ሦስት ጊዜ ለኩ። ሦስቱ ካልተደራረቡ ፓነል አትንኩ።

«ተሻለ» «አልተሻለም» ክርክር
ፓነል አውርዶ ለመስቀል 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ጆሮ እስከዚያ ረስቶታል። በአንድ ማይክ፣ በአንድ ቦታ፣ ፓነሉ ሳይኖርና ኖሮ ቅዱ። የሁለቱን ቅጂ የድምፅ ከፍታ እኩል አድርጉ፤ በ1 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) እንኳ የበለጠው ብዙ ጊዜ «የተሻለ» ይመስላልና። ሌላ ሰው ቅደም ተከተሉን እየቀያየረ 10 ጊዜ በሄድፎን ያሰማችሁ። 9 ከለያችሁ ጆሯችሁን እመኑ። 5 ወይም 6 ከሆነ ግምት ነው፤ ለዚያ ፓነል ተጨማሪ ብር አታውጡ።